ሽፋሽፍቱ ዓይንን ነክቷል ወይስ አልነካም? ጥልቀትን የሚያሳዩ መሣሪያዎችና የጉራጌ እናቶች ዓይን

ትራኮማ ዓይን የሚያጠፋው በፀጉር ነው። በልጅነት ደጋግሞ የያዘ ኢንፌክሽን የላይኛውን የዓይን ቆብ በውስጥ በኩል ጠባሳ ያለብሰዋል። ጠባሳው በዓመታት እየተኮማተረ ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ያን ጊዜ ዓይንን ሊጠብቅ የተፈጠረው ሽፋሽፍት ተመልሶ ዓይንን መፋቅ ይጀምራል። ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ይፍቃል፤ ጥርት ያለው የፊት ሽፋን (ሐኪሞች ኮርኒያ የሚሉት) ይቆስላል፣ ይነጣል፣ መጨረሻው ዕውርነት ነው። በገጠር ያሉ እናቶች መፍትሔው ወረንጦ ነው ብለው ኖረዋል። ይነቀላል፣ ተመልሶ ይበቅላል፣ እንደገና ይነቀላል።

እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ የሆነው አገር አቀፍ የዓይን ጥናት ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው የኢትዮጵያ ልጆች 40 በመቶ ያህሉ ንቁ ትራኮማ እንዳለባቸው፣ ከአዋቂዎች ደግሞ 3.1 በመቶው የሽፋሽፍት መቀልበስ እንደደረሰባቸው አሳይቷል። ችግሩ በሴቶች ላይ ከወንዶች በጣም ይበዛል፤ ልጅ የሚያቅፈውና ፊቱን የሚጠርገው፣ ኢንፌክሽኑንም ከልጁ ደጋግሞ የሚቀበለው ማን እንደሆነ እናውቃለን። ቡታጅራ ያለው ግራርቤት የዓይን ሆስፒታል ስሙ የተጠራው በአካባቢው እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ስለበዛ ነው። ከወልቂጤ ወጣ ብለው ባሉ የእንሰት መንደሮችም ችግሩ እንግዳ አይደለም።

የዛሬው ጉዳያችን ግን መድኃኒቱ ሳይሆን የሚመረምረው ሰው ግንባር ላይ ያለችው መሣሪያ ናት።

መርማሪው ከአንዲት እናት ፊት ተቀምጧል እንበል። አንድ ሽፋሽፍት ከኮርኒያው ፊት ለፊት ይታየዋል። ፀጉሩ ኮርኒያውን ነክቷል ወይስ ከፊቱ በአየር ላይ አልፏል? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው የትራኮማ መለያ መሠረት ቢያንስ አንድ ሽፋሽፍት የዓይንን ኳስ ከነካ፣ ወይም በቅርቡ እንደተነቀለ ምልክት ካለ፣ ሕመምተኛዋ ቀዶ ሕክምና ከሚያስፈልጋቸው ትመደባለች። ካልነካ አትመደብም። በመነካትና ባለመነካት መካከል ያለው ርቀት ከአንድ ሚሊ ሜትር ሊያንስ ይችላል፤ በፎቶ ግራፍ ላይ ደግሞ ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው። ልዩነቱ ያለው በጥልቀት ላይ ብቻ ነው።

ጥልቀት ምን ማለት እንደሆነ ለማየት አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ከጀበና ወደ ስኒ ቡና ለመቅዳት ሞክሩ (ባዶ ጀበና ቢሆን ይመረጣል)። ወይም በአንድ ዓይን መርፌ ላይ ክር አግቡ። እጃችሁ አልፎ ይሄዳል ወይ ሳይደርስ ይቀራል። ሁለቱ ዓይኖቻችን በ6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፤ ስለዚህ ቀኝ ዓይን የሚያየው ምስል ከግራው በጥቂቱ ይለያል። አእምሮ ሁለቱን ምስሎች አዋሕዶ አንድ ሲያደርግ፣ በልዩነታቸው የትኛው ነገር እንደቀረበ የትኛው እንደራቀ ያውቃል።

ሁለት ምስል እንዴት አንድ ይሆናል የሚለውን ጥያቄ በሙከራ ከመረመሩት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ አብዛኛው አንባቢያችን በስም የሚያውቀው ኢብኑል ሀይሠም ነው። በ354 ዓመተ ሂጅራ (965 እ.ኤ.አ.) ገደማ በበስራ ተወልዶ በካይሮ የኖረ ዓሊም ነው። የታሪክ ጸሐፊው ኢብኑል ቂፍጢ እንደዘገበው ወደ ግብፅ የሄደው የአባይን ውኃ ለመቆጣጠር ዕቅድ ይዞ ነበር፤ እስከ አስዋን አካባቢ ወርዶ ወንዙን ካየ በኋላ የማይሆን መሆኑን አምኖ ተመለሰ። እኛ አገር ሲነገር ፈገግ የሚያሰኝ ታሪክ ነው። «ኪታቡል መናዚር» የተባለውና በሰባት ክፍል የጻፈው የእይታ መጽሐፉ ግን ከወንዙ ዕቅድ በተለየ ተሳክቶለታል፤ ወደ ላቲን ተተርጉሞ አውሮፓውያን ለዘመናት ተምረውበታል።

ስለ ኢብኑል ሀይሠም ሲወራ ዘወትር የሚነሣው የጨለማው ክፍልና የብርሃን ቀዳዳው ነው። ለእኔ ይበልጥ የሚደንቀኝ በመጽሐፉ ሦስተኛ ክፍል ያለችው ጣውላ ናት። አንድ ክንድ የምትረዝም፣ አራት ጣት የምትሰፋ ቀላል ጣውላ አሠራ። በአንደኛው ጫፍ ለአፍንጫ መግቢያ የሚሆን ጎድጓዳ ቦታ አበጀላት፤ በላይዋ ላይ መስመሮችን በደማቅ ቀለም አሰመረ፤ ከሰም የተሠሩ ትናንሽ ዓምዶችንም አቆመባት። ጣውላዋን አፍንጫ ላይ አስጠግቶ መካከለኛዋን ዓምድ ትኩር ብሎ ያየ ሰው፣ በረጅሙ መስመር ላይ ከእሷ ቀድመውና አልፈው የቆሙት ዓምዶች እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ሆነው ይታዩታል፤ መካከለኛዋ ብቻ አንድ ናት። ሰም፣ ጣውላና ቀለም ብቻ! ከሁለቱ ዓይኖች ልዩነት የጥልቀት ስሜት እንደሚወለድ ለማሳየት ግን ሌላ ስምንት ምዕተ ዓመት ጠይቋል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስቶን እ.ኤ.አ. በ1838 ሁለት መስተዋቶችን በማዕዘን አቁሞ ለእያንዳንዱ ዓይን በጥቂቱ የተለየ ሥዕል አሳየ፤ ጠፍጣፋዎቹ ሥዕሎች ተዋሕደው እንደ ቁም ነገር ወጥተው ታዩ። መሣሪያው ስቴሪዮስኮፕ ተባለ። ፎቶ ግራፍ ገና ለሕዝብ ይፋ ስላልሆነ ሥዕሎቹ በእጅ የተሳሉ ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ ጥቃቅን ነገርን በሁለት ዓይን ለመመርመር የሚሠሩ መሣሪያዎች በዙ። ሆራሺዮ ግሪኖ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ጥቃቅን ፅንሶችን ሲመረምር ጥልቀት እያጣ ቢቸገር፣ በ1890ዎቹ ጀርመን አገር ላለው የዛይስ ፋብሪካ ሐሳብ አቀረበ፤ በመካከላቸው 14 ዲግሪ ገደማ ማዕዘን ያላቸው ሁለት ሙሉ ማይክሮስኮፖች በአንድ አካል ላይ ተሠሩ። በየከተማው የሞባይል ጥገና ቤቶች ጠረጴዛ ላይ የምናያቸው ባለ ሁለት ዓይን ማይክሮስኮፖች የዚህ ሐሳብ ልጆች ናቸው። የዓይን ሞራ የሚያወጣው ሐኪም የሚያይበትም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ሞራውን ካወጣ በኋላ ከኋላ የሚቀረው ከረጢት ውፍረቱ ከ0.01 ሚሊ ሜትር ያነሰ ስለሆነ፣ መሣሪያው ጫፍ ላይ ያለችው ጥልቀት ካልታየችው ይቀደዋል።

ወደ መንደር ግን ማይክሮስኮፕ ተሸክሞ መሄድ አይቻልም። የሰዓት ሠሪው ባለ አንድ ዓይን አጉሊ መነጽርም አይሆንም፤ ያጎላል እንጂ ጥልቀት አይሰጥም። ለትራኮማ ምርመራ የተመረጠው በግንባር ላይ እንደ ኮፍያ የሚታሰር፣ 2.5 ጊዜ የሚያጎላ ባለ ሁለት ዓይን ሉፕ ነው። ሁለት ሌንስና አንድ ማሰሪያ ነው፤ ባትሪ አያስፈልገውም፤ ከመርማሪው እስከ ዓይኑ አንድ ስንዝር ያህል ርቀት ይበቃዋል። ግንባር ላይ የመታሰሩ ጥቅም ትልቅ ነው፤ ልጁን እናቱ ጭኗ ላይ አድርጋ ይዛዋለች፣ መርማሪው ደግሞ ቆቡን ለመገልበጥ ሁለቱም እጆቹ ነጻ ሊሆኑለት ይገባል።

ቁጥሩ ለምን 2.5 ሆነ፣ 10 ቢሆን አይሻልም? አይሻልም። ማጉላቱ በጨመረ ቁጥር የሚታየው ቦታ ይጠባል፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ይሳሳል፣ ፊትንም ይበልጥ ማስጠጋት ያስፈልጋል። የሚያለቅስ ልጅ ደግሞ አንድ ቦታ አይቆምም። በዚህ ላይ መሥፈርቱ ራሱ የተሠራው በ2.5 ለሚታየው ነው። ንቁ ትራኮማ የሚባለው በተገለበጠው የላይኛው ቆብ መካከለኛ ክፍል ላይ እያንዳንዳቸው 0.5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ስፋት ያላቸው አምስት ወይም ከዚያ በላይ እብጠቶች ሲገኙ ነው። 0.5 ሚሊ ሜትር ከጤፍ ቅንጣት ያንሳል፤ በሉፑ ሲታይ የጤፍ ቅንጣት ያህላል። እብጠቱን ከጠባሳ ነጥብ የሚለየው ከፍ ብሎ መታየቱ ስለሆነ እዚህም ጥልቀት ያስፈልጋል። አራት ከሆኑ ልጁ አይቆጠርም፣ አምስት ከሆኑ ይቆጠራል።

ይህ ቆጠራ የአንድ ልጅ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአንድ ወረዳ ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ልጆች መካከል ንቁ ትራኮማ ያለባቸው 10 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት ቢያንስ ለሦስት ዓመት በየዓመቱ ለወረዳው ሕዝብ በሙሉ ይታደላል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 በኦሮሚያ የተጀመረው ዓለም አቀፉ የትራኮማ ካርታ ሥራ እስከ 2016 ድረስ በ29 አገሮች 2.6 ሚሊዮን ሰዎችን የመረመረው በዚችው ሉፕ ነው፤ ውጤቱ በስልክ ይመዘገብ ነበር። መርማሪዎቹ ከመሰማራታቸው በፊት ተፈትነዋል፤ ከባለሙያው ቆጠራ ጋር በበቂ ያልተስማማ አልተላከም። (ልጆቹ በብዛት የሚያዙት ውዱእ ከማይገደዱበት ዕድሜ በታች ባሉት ዓመታት ነው፤ በቀን አምስት ጊዜ የሚታጠብ አባት ባለበት ቤት የልጁ ፊት ሳይታጠብ ሊውል ይችላል።)

አሁን ጥያቄው ወደ መሣሪያ ሠሪዎች ይመጣል። ሁለት ሌንስ ፍሬም ላይ መግጠም ቀላል ይመስላል። ሰው ቅርብ ነገር ሲያይ ሁለቱ ዓይኖቹ ወደ አፍንጫው ይዞራሉ፤ አንድ ስንዝር ላይ ለሰዓታት ሲሠራ ይደክማቸዋል። ስለዚህ ሌንሶቹ ብርሃኑን በጥቂቱ አጥፈው ዓይኖቹ ብዙ ሳይዞሩ እንዲያዩ ተደርገው መሠራት አለባቸው። አንዱ ሌንስ ከሌላው ትንሽ ከፍ ብሎ ቢገጠምስ? ወደ ጎን ያለውን ልዩነት አእምሮ ራሱ ያዋሕደዋል፤ ለጥልቀትም ይጠቀምበታል። ወደ ላይና ወደ ታች የሚኖረውን ግን አይታገሥም፤ ምስሉ ሁለት ይሆናል፣ ወይም መርማሪው ሳያውቀው አንዱን ዓይኑን ይዘጋዋል፤ ራሱንም ያመዋል። አንዱን ዓይኑን የዘጋ መርማሪ ሉፕ ቢያደርግም በአንድ ዓይን ከሚያይ ሰው አይለይም። እንደ ኢብኑል ሀይሠም የሰም ዓምዶች አንዷ እብጠት ሁለት ሆና ከታየች ደግሞ አራቱ አምስት የማይሆኑበት ምክንያት የለም።

የስልክ ካሜራ ይህን ሁሉ ይተካዋል የሚሉ አሉ። የተገለበጠ ቆብ ፎቶ አንሥቶ ርቆ ላለ ባለሙያ ወይም ለኮምፒውተር መላክ ጥቅም አለው፤ ፎቶው ስለሚቀመጥ ክርክር ቢነሣ ተመልሶ ይታያል። ነገር ግን የስልክ ፎቶ ጠፍጣፋ ነው። እብጠት ለመቁጠር በጥሩ ብርሃን ሊረዳ ይችላል፤ ሽፋሽፍቱ ኮርኒያውን ነክቷል ወይ ለሚለው ግን ደካማ ነው ብዬ አምናለሁ። መፍትሔው የዊትስቶን ነው፤ በጥቂቱ ከተራራቁ ሁለት ቦታዎች ሁለት ፎቶ ማንሣትና በሁለት ዓይን ማየት። ስልክ ላይ የሚሰካ፣ ብርሃኑን በትናንሽ መስተዋቶች ለሁለት የሚከፍል ቁራጭ ዕቃ ይህን ሊሠራ ይችላል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ በርካሽ፣ በአቧራ ውስጥ፣ አልኮል ሲነካው በማይበላሽ ፕላስቲክ መሥራቱ ነው ያልቀለለው።

ጉብሬ ያለው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ ርዕስ ቢያጡ ይህን ቢያነሡት ምኞቴ ነው። መለኪያው ግልጽ ነው፦ በአንድ ስንዝር ርቀት 0.5 ሚሊ ሜትር የሆነ እብጠት ከፍ ብሎ መታየት አለበት፤ ሁለቱ ምስሎች ወደ ላይም ወደ ታችም ሊዛነፉ አይገባም፤ ማሰሪያው የራስ ሻሽ ባሰረች መርማሪ ራስ ላይም ሳይንሸራተት መቀመጥ አለበት። ከውጭ የሚመጡት ማሰሪያዎች በዚህ በመጨረሻው ላይ ብዙም አልታሰበባቸውም፤ ለገጠር የዓይን ምርመራ የሚሠማሩት ነርሶች መካከል ግን ሻሽና ሒጃብ ያደረጉ ብዙ ናቸው።