አሮጌ ቮልስ ዋጋዋ ከየት መጣ? ሚዛንስ ታደርሳለች?

የመኪና ገበያ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሞዴሉ በራቀ ቁጥር የመኪና ዋጋ እንደሚወርድ ይናገራል። ደላላውም ገዢውም በዚሁ ይስማማል። ይህ ስሌት የማይሠራላት መኪና ብትኖር ግን ቮልስዋገን ናት። በንጉሡ ዘመን የመምህሩና የመንግሥት ሠራተኛው መኪና የነበረች፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው የወጡባት ይህች ክብ መኪና፣ ብዙዎች በግቢያቸው ጥግ ጥለዋት ከኖሩ በኋላ ዛሬ ተፈላጊ ዕቃ ሆናለች። በአዲስ አበባ የቮልስ ባለቤቶች በማኅበር ተሰባስበው፣ መኪኖቻቸውን አጥበውና አብለጭልጨው በሰልፍ መጓዝ ከጀመሩም ዓመታት ተቆጥረዋል። ይህን ያየ የክፍለ ሀገር ነጋዴ፣ በተለይ ቡናው የቀናው፣ «እኔስ አንዷን ገዝቼ ብቀላቀል» ማለቱ አይቀርም።

ከመግዛቱ በፊት ግን ዋጋዋ በምን እንደቆመ ማወቅ ይጠቅመዋል።

አንደኛው ነገር አቅርቦት ነው። ፋብሪካው በመላው ዓለም ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልሶች አምርቶ የመጨረሻዋን በሜክሲኮ ፑዌብላ ከተማ በሐምሌ 1995 ዓ.ም. አውጥቶ ዘጋ። ከውጭ አሮጌ ገዝቶ ማስገባቱም ቢሆን የሚያዋጣ አልሆነም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከ7 ዓመት በላይ ባገለገሉ አውቶሞቢሎች ላይ ከ400 በመቶ በላይ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው ቮልስ ያለው ነው። በየዓመቱ አንዳንዱ ይጋጫል፣ አንዳንዱ ይበሰብሳል፣ አንዳንዱም ለመለዋወጫ ይታረዳል፤ የሚተካ የለም። ፈላጊ ሲጨምርና ዕቃ ሲቀንስ ዋጋ ወዴት እንደሚሄድ ለመርካቶ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ሁለተኛው ነገር ብዙም የማይነገረው ወጪ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ በብር ሲሰላ ከቀድሞው ጋር የሚወዳደር አይደለም። በሶማሌ ተራ የተገኘ የድሮ ዕቃ ዋጋም ይህንኑ ተከትሎ ይወጣል። በርካሽ ተገዝታ «ቀስ በቀስ እሠራታለሁ» የተባለች ቮልስ ከደህናዋ በላይ ልታስወጣ ትችላለች። ጥርት ያለችውን በውድ መግዛት ብዙ ጊዜ ርካሹ መንገድ ነው።

ታዲያ ጥርት ያለችው በምን ትታወቃለች? በቀለም አይደለም። ቀለም የደላላ ወዳጅ ነው። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ በላሜራው ላይ ማስኬድ ይበቃል፤ ማግኔቱ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ ማለት ነው። ቀጥሎ የኋላ መቀመጫውን አንስቶ ማየት ያሻል። ባትሪዋ የምትቀመጠው እዚያው ነውና በዘመናት የፈሰሰው አሲድ ከሥሯ ያለውን ወለል በልቶት ሊሆን ይችላል። የሻንሲ ቁጥሩም እዚሁ ከመቀመጫው ሥር በመሃለኛው ድልድል ላይ ተመትቷል። የሞተሩ ቁጥር ያለው ደግሞ ዲናሞው በተቀመጠበት እግር ሥር ነው። ሁለቱም ቁጥሮች ከሊብሬው ጋር ካልገጠሙ፣ ሻጩ የቱንም ያህል ቢምልና ቢገዘት፣ ስም ማዛወሩ ላይ ጣጣ አለ። እዚህ ላይ የደላላው ኮሚሽን ቀድሞ መከፈል የለበትም፤ ውልና ማስረጃ ደርሶ ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ነው።

ከዚያ የሚመጣው ጥያቄ «ዕቃዋ የራሷ ነው ወይ?» የሚለው ነው። አዲስ መቀመጫ፣ የሌላ መኪና መሪ፣ የሚያብረቀርቅ ቸርኬ የተገጠመላት ቮልስ ለዓይን ታምራለች፤ የሚያውቅ ገዢ ግን ለዚህ አይከፍልም። በዚህ ረገድ የሞተር ብስክሌት ገበያ ጥሩ ማስረጃ ይሰጣል። በጥር 2023 (እ.ኤ.አ.) በላስ ቬጋስ ጨረታ በ1908 የተሠራ አንድ ሃርሊ ዴቪድሰን በ935 ሺህ ዶላር ተሸጠ። ሞተር ብስክሌቱ በ1941 ዊስኮንሲን ውስጥ ከአንድ ጎተራ የተገኘ ሲሆን፣ ያን ዋጋ ያወጣው ጋኑን ጨምሮ ብዙው ዕቃ የጥንቱ በመሆኑ ነው። በእንግሊዝ አገርም ከ1915 በፊት የተሠሩ ሞተር ብስክሌቶች ብቻ የሚሳተፉበት፣ ከ1930 ጀምሮ የሚካሄድ የብራይተን ጉዞ አለ፤ በዚያ መስመር ላይ ዕድሜ ጌጥ ነው።

ለምን ሸዋ ቤንች ውስጥ ያለው ያረጀ ሞተር ብስክሌት እንዲህ አይሆንም የሚል ቢኖር መልሱ አጭር ነው። እዚያ ሞተር ሰውም ቡናም ጭኖ ዳገት ይወጣል፤ የተሰበረው በተገኘው ይጠገናል፤ እስኪያልቅ ይሠራል። ቮልስን ያተረፋት ጋራዥ ውስጥ ተረስታ መቅረቷ ነው። አዲስ አበባም በ2011 ዓ.ም. ክረምት በሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴ ላይ ገደብ ስለጣለች፣ በከተማዋ ለመዝናኛ ሞተር ሰብስቦ መውጣት ከመኪናው ይልቅ የፈቃድ ጥያቄ የበዛበት ነገር ሆኗል።

አሁን ወደ መንገዱ። ከአዲስ አበባ በጅማና በቦንጋ በኩል ሚዛን 560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የቮልስ ጋን 40 ሊትር ይይዛል፤ በመቶ ኪሎ ሜትር 9 ሊትር ብትጠጣ አንዴ ሞልቶ ሚዛን መግባት አይቻልም፤ ጅማ ላይ መቅዳት ግድ ነው። አስቸጋሪው ግን ነዳጁ ሳይሆን ከወልቂጤ በኋላ ያለው የጊቤ ቁልቁለትና ዳገት ነው። በቁልቁለቱ ፍሬን ላይ ቆሞ የሚወርድ ሰው ፍሬኑን ያግላል፤ በማርሽ መውረድ አለበት። በዳገቱ ደግሞ ራዲያተር የሌላት፣ በነፋስ ብቻ የምትቀዘቅዝ ሞተር በሙቀት ትፈተናለች። በትልቅ ማርሽ እያስጨነቁ ከመውጣት በአነስተኛ ማርሽ ሞተሩን ፈጠን አድርጎ መውጣት ይሻላል፤ ነፋስ ሰጪው የሚሽከረከረው በሞተሩ ፍጥነት ነውና። ሞተሩ የሚይዘው ዘይት 2 ሊትር ተኩል ብቻ ሲሆን ዘይቱ ሞተሩን ከማለስለስ አልፎ ያቀዘቅዘዋል። አንድ ሊትር የጎደለባት ቮልስ ጊቤን ባትሞክር ይመረጣል። የቤንዚን ጎማ ቱቦዎቿም ከመነሻው በፊት በአዲስ መቀየር አለባቸው። ዕድሜ የጠገበ ቱቦ ሲሰነጠቅ ቤንዚኑ የሚንጠባጠበው በጋለ ሞተር ላይ ነው፤ በዚህ ምክንያት የተቃጠሉ ቮልሶች በዓለም ዙሪያ ጥቂት አይደሉም።

ወቅቱም ራሱን የቻለ ችግር ነው። ደቡብ ምዕራቡ ከመሃል አገር ይልቅ ብዙ ወር ይዘንባል። መንገዱ ደረቅ የሚሆነው በታኅሣሥና በጥር አካባቢ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ቡና የሚለቀምበት፣ የሚደርቅበትና የሚጫንበት ጊዜ ነው። የሚዛንና የቴፒ ነጋዴ ገንዘብ ሲኖረው ጊዜ የለውም ማለት ነው። የካቲት አጋማሽ ለሁለቱም ሳይመች አይቀርም።

ቮልሷን እዚያው ሚዛን አስቀምጦ ለማቆየት የሚያስብ ባለሀብት ደግሞ እርጥበቱን ያስብ። አዲስ አበባ ላይ ሃያ ዓመት የቆየ ላሜራ እዚያ በሸራ ተሸፍኖ ቢቆም ቶሎ ይዝጋል። ሸራው እንዲያውም እርጥበቱን አፍኖ ይይዝበታል። ክፍት ጎን ያለው፣ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ መጠለያና በየሁለት ሳምንቱ ሞተሩ እስኪሞቅ መንዳት ያዋጣል።

በቡድን የሚጓዙ ሰዎች ከሁሉ በፊት የሚይዙት ቺንጊያ ነው። ነፋስ ሰጪውንና ዲናሞውን የሚያዞረው ያው አንዱ ቺንጊያ ስለሆነ ሲበጠስ ሞተሩ ያለ ማቀዝቀዣ ይቀራል። ምልክቱ ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራው ቀይ የባትሪ መብራት ነው። በሌላ መኪና ይህ መብራት ሲበራ እስከሚቀጥለው ከተማ ይነዳ ይሆናል። በቮልስ ግን ወዲያው ዳር ይዞ ማቆም፣ ኮፈኑን ከኋላ ከፍቶ ማየት ነው። የዲናሞውን ፑሌ ብሎን የሚፈታው 21 ቁጥር ቁልፍ ካንዴላውንም የሚፈታው መጠን ነው፤ ያን ቁልፍና ሁለት ትርፍ ቺንጊያ የያዘ ሾፌር በሩብ ሰዓት ተነስቶ ሰልፉን ይቀላቀላል።