ደሴቱ የማን ነው? ገንዘቡስ የት ይገባል?

ደሴት ማለት ዙሪያውን በውሃ የተከበበ መሬት ነው። በአገራችን ደሴት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የጣናን ሐይቅ ነው። በጣና ደሴቶች ላይ ጥንታውያን ገዳማት አሉ። እንግዳ ከባሕር ዳር በጀልባ ተሳፍሮ ይሄዳል፤ አይቶም ይመለሳል።

ዛሬ ግን ደሴት በእኛም ክልል አለ። በመተከል ዞን፣ በጉባ ወረዳ፣ በዓባይ ወንዝ ላይ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተሠርቷል። የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ከግድቡ ኋላ የተኛው ውሃ ንጋት ሐይቅ ይባላል። ሐይቁ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ውሃው እየጨመረ ሲመጣ ዝቅ ያለው መሬት ተዋጠ። የኮረብታዎቹ አናት ግን ከውሃው በላይ ቀረ። ትናንት ኮረብታ የነበረው ዛሬ ደሴት ሆነ ማለት ነው። እነዚህ ደሴቶች ወደፊት የጎብኚ ማረፊያ እንዲሆኑ መታሰቡም ተነግሯል።

እንግዲህ ጥያቄ ይነሣል። እንግዳ ወደ ደሴት ሲመጣ የአካባቢው ሰው ምን ያገኛል? ይህን ለመመለስ ከእኛ ቀድመው በዚህ ሥራ የገቡትን አገሮች ማየት ይጠቅማል።

የመዝናኛ መርከብ ምንድን ነው?

መርከብ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው እህልና ዕቃ የሚጭነውን ነው። የመዝናኛ መርከብ ግን የሚጭነው ሰው ነው። ሰዎቹ የሚሳፈሩት አንድ ቦታ ለመድረስ ብቻ አይደለም፤ ለማረፍና ለመዝናናት ነው። በመርከቡ ላይ መኝታ ክፍል፣ ምግብ ቤት፣ ሱቅና የመዋኛ ገንዳ አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ የጀመረ አንድ ትልቅ መርከብ 365 ሜትር ያህል ይረዝማል። ከ7 ሺህ በላይ መንገደኛና ከ2 ሺህ በላይ ሠራተኛ መያዝ ይችላል። ከተማ በውሃ ላይ ሲሄድ ነው!

እንዲህ ያሉ መርከቦች በብዛት ከሚሄዱባቸው አገሮች አንዷ ባሃማስ ናት። ባሃማስ ለአሜሪካ ቅርብ የሆነች አገር ስትሆን ከ700 በላይ ትልልቅና ትንንሽ ደሴቶች አሏት። እ.ኤ.አ. በ2024 ወደዚች አገር 11 ሚሊዮን ያህል እንግዳ መጣ። ከዚህ ውስጥ ከ9 ሚሊዮን በላይ የሚሆነው የመጣው በመርከብ ነው።

መርከቦቹ ባሃማስን የሚመርጡት ስለ ቅርበቷና ስለ አሸዋዋ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣ ሕግ አለ። በሕጉ መሠረት በሌላ አገር የተመዘገበ መርከብ ሰዎችን ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ወደ ሌላው የአሜሪካ ወደብ እንዲሁ ማመላለስ አይችልም። ከአንዱ ወደብ ተነሥቶ ወደዚያው ወደብ ቢመለስ እንኳ በመካከል የሌላ አገር ወደብ መንካት አለበት። ትልልቆቹ የመዝናኛ መርከቦች ደግሞ አብዛኞቹ የተመዘገቡት በውጭ አገር ነው። ስለዚህ ቅርብ የሆነች የባሃማስ ደሴት ለመርከቡ ባለቤት በጣም ታስፈልገዋለች።

ኩባንያው ደሴት ለምን ፈለገ?

ቀድሞ መርከቡ የሚቆመው በከተማ ወደብ ነበር። እንግዳው ይወርዳል። ከገበያ ዕቃ ይገዛል፤ ከሴቶቹ ምግብ ይገዛል፤ ታክሲ ይሳፈራል። ገንዘቡ በብዙ ሰው እጅ ይበተናል።

እ.ኤ.አ. በ1977 አንድ የመርከብ ኩባንያ በባሃማስ ግሬት ስተራፕ ኬይ የምትባለውን ትንሽ ደሴት ገዛ። ከዚያ በኋላ ሌሎቹም ተከተሉ። አንዳንዱ ደሴት ገዛ፤ አንዳንዱ ተከራየ። ዲዝኒ የሚባለው ኩባንያ ከባሃማስ መንግሥት አንዲት ደሴት ለ99 ዓመት ተከራይቶ ከ1998 ጀምሮ መርከቦቹን ያቆምባታል። 99 ዓመት ማለት የሰው ዕድሜ ነው። ውሉን የፈረመው ሰው ሲያልቅ አያየውም።

ነገሩን በእኛ ምሳሌ እንየው። በአሶሳ መንገድ ዳር የማንጎ ወቅት ሲደርስ እናቶችና ልጆች ማንጎ ይዘው ይቀመጣሉ እንበል። አውቶቡስ ይቆማል። መንገደኛው ይወርዳል፤ ከአንዷ ማንጎ ይገዛል፤ ከሌላዋ ዘንድ ሻይ ይጠጣል። አሁን ደግሞ የአውቶቡሱ ባለቤት ከከተማ ወጣ ብሎ ቦታ ያዘ እንበል። ቦታውን አጠረው። በውስጡ የራሱን ሻይ ቤትና የራሱን የማንጎ ሱቅ ከፈተ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አውቶቡሱ የሚቆመው እዚያ ብቻ ሆነ። የመንገደኛው ቁጥር አልቀነሰም። የሚበላው ማንጎም አልቀነሰም። መንገድ ዳር የተቀመጠችው እናት ግን ገበያዋን አጣች።

የመርከቡ ደሴትም እንዲሁ ነው። እንግዳው የምግቡን ዋጋ ከቤቱ ሳይነሣ ከፍሏል። ስለዚህ ምሳው ከመርከቡ ወርዶ በአሸዋው ላይ ይቀርብለታል። መጠጥና ሌላ ነገር ቢያምረው መርከቡ በሰጠው ካርድ ይገዛል፤ ሂሳቡም የሚገባው ወደ ኩባንያው ነው። የሌላ ኩባንያ እንግዳ ቦታውን አያጣብብም። ማታ ሁሉም ተሳፍሮ ይሄዳል።

ይህ ማለት ግን የአካባቢው ሰው ምንም አያገኝም ማለት አይደለም። ኩባንያው ቦታውን ያለማል። ለጽዳት፣ ለጥበቃና ለአገልግሎት ሰው ይቀጥራል። ለአንዳንድ ሻጮች መደብ ይሰጣል። መንግሥትም በእንግዳው ቁጥር ልክ ያስከፍላል። ባሃማስ ከ2024 ጀምሮ ወደቧን ከሚረግጠው እንግዳ 23 ዶላር፣ የግል ደሴት ብቻ አይቶ ከሚመለሰው 25 ዶላር ታስከፍላለች። በዋና ከተማዋ በናሶ አጠገብ ለተሠራ አንድ መዝናኛ ደግሞ ባሃማሳውያን እስከ 49 ከመቶ ድርሻ እንዲኖራቸው ስምምነት ተደርጓል። እንግዲህ ጥቅሙ የሚያንሰውና የሚበዛው እንደ ውሉ ነው።

በሄይቲ የሆነው

ሄይቲ ድሃ አገር ናት። በሰሜን ዳርቻዋ ላባዲ የሚባል ቦታ አለ። ሮያል ካሪቢያን የተባለው ኩባንያ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይህን ቦታ ከመንግሥት ተከራይቶ መርከቦቹን ያቆምበታል። ቦታው በአጥርና በዘበኛ ይጠበቃል። በውስጡ የሚሠሩና የሚሸጡ የአገሩ ሰዎች አሉ፤ ያለ ፈቃድ ግን መግባት አይቻልም።

እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ሄይቲን ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። እጅግ ብዙ ሰው አለቀ። ከጥቂት ቀናት በኋላ መርከብ ላባዲ ደረሰ። እንግዶቹ ወርደው ዋኙ። ይህን የሰማ ብዙ ሰው «ሕዝብ እየሞተ እንዴት ይዋኛል?» ብሎ ተቆጣ። ኩባንያው ደግሞ «መርከቡ የእርዳታ እህል ይዞ ሄዷል፤ ብንቀር የሚጎዳው እዚያ የሚሠራው ሰው ነው» አለ። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። መርከብ ባይመጣ ያ ሠራተኛ የዕለት ገቢው ይቋረጣል።

ይህም በኋላ ታየ። በአገሪቱ ጸጥታ ስለ ጠፋ ኩባንያው በ2024 ወደ ላባዲ መሄድ አቆመ። ቆይቶ ጀመረ፤ በ2025 እንደገና አቆመ። መርከቡ ሌላ ደሴት መሄድ ይችላል። የላባዲ ሻጭ ግን ገበያውን ተሸክሞ መከተል አይችልም። መርከብን ብቻ ተስፋ አድርጎ የሚኖር ሰው ጭንቁ ይህ ነው።

እኛስ ምን እንጠይቅ?

ንጋት ሐይቅ ወደ ባሕር መውጫ የለውም፤ እነዚያ ግዙፍ መርከቦች እኛ ዘንድ አይመጡም። ጀልባና የእንግዳ ማረፊያ ግን ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜ የሚጠየቁት ጥያቄዎች ከባሃማስና ከሄይቲ ጥያቄዎች አይለዩም።

አንደኛ፣ ቦታው የሚሰጠው ለስንት ዓመት ነው? በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት መሠረት በአገራችን መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ደሴትም መሬት ነው። ስለዚህ ለባለሀብት የሚሰጠው በኪራይ ነው፤ ኪራይ ደግሞ መጀመሪያና መጨረሻ አለው።

ሁለተኛ፣ የሚቀጠረው ማን ነው? ጠራጊና ዘበኛ ብቻ ነው ወይስ ጀልባ ነጂ፣ አስጎብኚና ሂሳብ ያዥ ጭምር? የአካባቢውን ልጅ አሠልጥኖ መቅጠር በውሉ ተጽፏል ወይ?

ሦስተኛ፣ እንግዳው የሚበላው ከየት ይመጣል? ዓሣው ከሐይቁ፣ ማንጎው ከአሶሳ፣ ማሩ ከገበሬው ቀፎ፣ ወንበሩ ከቀርከሃችን ይሆናል ወይስ ሁሉም ከሩቅ ተጭኖ ይመጣል?

አራተኛ፣ በየእንግዳው የሚከፈለው ገንዘብ ስንት ነው? ከዚያ ውስጥ ለቀበሌው ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ የሚደርሰውስ?

አምስተኛ፣ ዓሣ አጥማጁ በዳርቻው ማለፍ ይችላል ወይስ ይታጠርበታል? ቆሻሻውስ የት ይጣላል?

የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚገኘው በውሉ ወረቀት ላይ ነው። በቃል የተነገረ ይረሳል፤ ኋላም «አላልኩም» ይባላል። ውሉ በስብሰባ ሲነበብ ቁጥሩን አይቶ «ይህ ዓመት በዛ፤ ይህ ክፍያ አነሰ» የሚል ሰው በየቀበሌው ያስፈልጋል። ማንበብ የቻለ ሰው ይነሣና ለጎረቤቱ ያንብብለት። የሚፈረመውም ተነቦ ካለቀ በኋላ ይሁን።

ጥያቄዎች

1. የመርከብ ኩባንያዎች የራሳቸውን ደሴት የፈለጉት ለምንድን ነው?
2. በማንጎው ምሳሌ የመንገደኛው ቁጥር ሳይቀንስ የሻጯ ገበያ ለምን ቀነሰ?
3. መርከቡ ሲቀር የላባዲ ሻጭ ምን ያጣል?
4. በቀበሌያችሁ አጠገብ የእንግዳ ማረፊያ ቢሠራ በውሉ ውስጥ ምን እንዲጻፍ ትፈልጋላችሁ? ተወያዩበት።