ሊቶሪና፦ ሐዲድ ላይ የወጣች አውቶብስ

ጫግኒ መናኸሪያ ውስጥ የኢንጅባራ መኪና እስኪሞላ ሲጠበቅ፣ ከጸሐፊው ጎን የተቀመጡ አዛውንት አሮጌዋን አውቶብስ ትኩር ብለው አዩና «ይቺ ሐዲድ ላይ ብትወጣ ሊቶሪና ናት» አሉ። ባቡር ደርሶ በማያውቅበት ከተማ ይህ ቃል ከየት መጣ? ሰውየው በድሬዳዋ የምድር ባቡር ወርክሾፕ በመካኒክነት ኖረው፣ በጡረታቸው ልጃቸው ዘንድ ጫግኒ የገቡ ናቸው። መኪናው ሞልቶ ሄደ፤ ጸሐፊው ቀረ።

ሊቶሪናን ሎኮሞቲቭ አይጎትታትም። የናፍጣ ሞተሯን ራሷ ይዛ መንገደኛ ትጭናለች፤ በሁለቱም ጫፍ የሾፌር ክፍል ስላላት መዞሪያ አትፈልግም። ስሟ የፋሺስት ዘመን ቅሪት ነው፤ ሙሶሊኒ በ1925 ዓ.ም. ካስመረቃት ከሊቶሪያ ከተማ የተወሰደ ነው። ከተማዋ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ላቲና ተብላለች፤ የባቡሯ ስም ግን እኛ ዘንድ ቀረ።

የፊያት ሥራ የሆኑት እነዚህ ባቡሮች በጣሊያን ዘመን ወደ ኤርትራም ወደ ጅቡቲው መስመርም ገቡ። ከምጽዋ አስመራ 118 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዚህች ርቀት ሐዲዱ ከባሕር ጠለል ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። የዚያ ሐዲድ ስፋት 95 ሳንቲ ሜትር ሲሆን የእኛው አንድ ሜትር ነበር። በአምስት ሳንቲ ሜትር ምክንያት የአንዱ ባቡር ለሌላው አይሆንም። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰው የጅቡቲ መስመር ደግሞ የእንፋሎት ባቡር በበረሃው ትልቁ ችግሩ ውኃ ነበር። ናፍጣ ከዚህ ጭንቅ ገላገለ።

በ1950ዎቹ ከፈረንሳዩ ሱሌ ፋብሪካ አዳዲሶቹ መጡ። «ፈረንጆቹ ኦቶራይ ይሏታል፤ እኛ ግን ያው ሊቶሪና ነው የምንላት» ይላሉ መካኒኩ። «ሎኮሞቲቭ ጌታ ነው፣ ይፈራል። ሊቶሪና የቤት ልጅ ናት። ጥሩምባዋ ሲሰማ የኤረር ጣቢያ ሴቶች ብርቱካናቸውን ተሸክመው ይሮጣሉ።»

ስለ መጨረሻዋ ሲጠየቁ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ስትታመም በጆሯችን ነበር የምናውቀው። መለዋወጫው ባሕር ተሻግሮ እስኪመጣ ካንዷ ፈተን ለሌላዋ እንሰጣለን። እንዲህ እያልን፣ ልጄ፣ ሦስቱን በልተን አንዷን አኖርን።»

የቀሩት አሮጌ ባቡሮች ዕጣ ምን ይሆን? ጉዳዩ ይመለከታቸዋል የተባሉ አንድ ኃላፊ ሁለት ጊዜ «ስብሰባ ላይ ነኝ» አሉ፤ ሦስተኛውን ጥሪ አላነሱም። አስመራ ላይ ግን ሐዲዱ በነፃነት ጦርነቱ ለምሽግ ከተነቀለ በኋላ ጡረታ የወጡ ሠራተኞች ተመልሰው መስመሩን ጠገኑት፤ ሊቶሪናም ዳግም ሄደች። የድሬዳዋ ጡረተኞችን ግን ማንም አልጠራቸውም፤ ይህ ያሳዝናል።

አሮጌውን መስመር የተካው፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም የአዲስ አበባ መንገደኛውን የሚያሳፍረው ከድሮው ጣቢያ ከለገሃር ሳይሆን ከከተማው ጫፍ፣ ከለቡ ነው።

ቀጣዩ አውቶብስ ሞተሩን አስነሳ። አዛውንቱ ወሬያቸውን አቋርጠው ጆሯቸውን ሰጡት።

«ኖዝሉ ቆሽሿል» አሉ። «ለሾፌሩ ንገርልኝ፣ ዳገቱ ላይ ያስቸግረዋል።»