«በአንዷ ጨዋታ ተበላሁ»

ዓለም ከተማ ውስጥ እናት ሆስፒታልን የማያውቅ የለም። ሆስፒታሉን ያሠራው «ሰዎች ለሰዎች» የተባለው ድርጅት ግን መነሻው ውርርድ መሆኑን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ግንቦት 8 ቀን 1973 ዓ.ም. ተዋናዩ ካርል ሃይንዝ በም በአንድ የጀርመን ቴሌቪዥን የውርርድ ዝግጅት ላይ ቀርቦ፣ «ከተመልካቹ ሲሶው እንኳ ለሳህል ረሃብተኛ አንዳንድ ማርክ አያወጣም» ብሎ ተወራረደ። ረታ። ሲሶው አልሰጠም። የተሰበሰበው ግን ከ1 ሚሊዮን ማርክ በላይ ስለነበር እሱን ይዞ ኢትዮጵያ መጣ፤ ድርጅቱንም በዚያው የፈረንጆች ዓመት መሠረተ።

ስለዚህ ውርርድ የተባለውን ሁሉ ላወግዝ አልተነሳሁም። የበም ውርርድ ግን በአንድ ምሽት ተጀምሮ ያለቀ ነው፤ ከአንድ ሰው የተጠየቀውም አንድ ማርክ ነበር። አሁን በየስልካችን የገባው ቤቲንግ እንዲያልቅ ተብሎ የተሠራ አይደለም።

የሒሳብ መምህር ስለሆንኩ መሰለኝ፣ በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ልጁ ጎበዝ ነው፣ ቁጥር ያውቃል፣ እንዴት ይሄ አይገባውም?» እስቲ ቁጥሩን አብረን እንየው።

ቅዳሜ ማታ ነው። አንድ ወጣት አሥር ጨዋታ የያዘ ትኬት ቆርጧል። አሥሩም «ሹር» የሚባሉ፣ ትልልቅ ቡድኖች ከደካሞች ጋር። የእያንዳንዱ ኦድ (ያስያዙት የሚባዛበት ቁጥር) 1.50 ነው። ያስያዘው 10 ብር፣ ከያዘለት የሚያገኘው (ግብሩን ትተን) 576 ብር። አቋማሪው ድርሻውን አስቀድሞ ከኦዱ ላይ ስለሚቀንስ፣ የእያንዳንዱ ቡድን የማሸነፍ ዕድል 63 በመቶ ነው እንበል። አንዱን ብቻ ብታዩት መጥፎ አይደለም። አሥሩ አንድ ላይ የመያዛቸው ዕድል ግን ከ100 ትኬት አንድ ነው። ዘጠኙ ይዘው አንዷ የምትከዳበትስ? ከ100 ትኬት ስድስት ያህል።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። «በአንዷ ጨዋታ ተበላሁ» የሚለው ሰው፣ አሸነፍኩ ከሚለው ስድስት እጥፍ ገደማ መብዛቱ ከትኬቱ አሠራር የመጣ ነው። ልጁ ግን ዘጠኝ አረንጓዴና አንዲት ቀይ ሲያይ ሒሳብ አይታየውም። የሚታየው በ94ኛው ደቂቃ የገባችው ጎል ናት። ተሸነፍኩ አይልም፤ «ደረስኩ እኮ!» ነው የሚለው።

ለጥቂት መሳት በሌላ ሥራ ላይ እውነተኛ ትምህርት ነው። ኢላማ የሚተኩስ ሰው ጥይቱ ነጥቧን ታኮ ካለፈ እጁን ትንሽ አስተካክሎ ይደግማል፤ ደግሞም ይመታል። አእምሯችን ይህን ልማድ ቁማር ላይም ይዞት ይመጣል። ሉክ ክላርክና ባልደረቦቹ በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የቁማር ማሽን የሚጫወቱ ሰዎችን አእምሮ በምስል መርምረው ነበር። ለጥቂት የሳተ ዙር፣ ሲያሸንፉ የሚነቃቁትን የአእምሮ ክፍሎች ሲያነቃቃ ታየ። ደስ አይልም ብለዋል ተጫዋቾቹ ራሳቸው፤ ሆኖም እንደገና የመጫወት ፍላጎታቸውን ጨመረው። የማሽኑ ውጤት ደግሞ የማንንም ችሎታ አይጠይቅም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ማስመለስ ነው። ካህነማንና ትቨርስኪ በ1979 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት ሰው የያዘውን ላለማጣት ይጠነቀቃል፤ አንዴ ኪሳራ ውስጥ ከገባ ግን ከኪሳራው ለመውጣት ሲል በአዘቦቱ የማይነካውን አደጋ ይደፍራል። በ10 ብር የጀመረው ልጅ ለዕቁብ የተቀመጠውን ብር የሚያወጣው እንዲህ ነው። በልቡ እየቆመረ አይደለም፤ የራሱን ገንዘብ እያስመለሰ ነው።

ስለ አቪዬተር፣ አውሮፕላኗ ከፍ ባለች ቁጥር ያስያዙት እየተባዛ ስለሚሄድበት የስልክ ቁማር፣ ብዙ አልልም፤ ኳሱ ቢያንስ ዘጠና ደቂቃ ያስጠብቃል፣ ይሄኛው ሰከንዶችን ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። አውሮፕላኗ በ2 እጥፍ ላይ ሳለች ገንዘቡን ያወጣው ሰው፣ እሱ ከወረደ በኋላ 40 እጥፍ ስትደርስ እያየ ነው የሚቀመጠው። ያሸነፈውም ሰው የተበላ ይመስለዋል። እውነት ለመናገር፣ እንዲህ ያለ ተንኮል ያሰበው ሰው ጎበዝ ነው።

አንዲት እናት «በታቦት አስገዝቼው ነበር፣ ለሁለት ሳምንት ብቻ ጠቀመን» ብለው ጻፉልኝ። ግዝቱን አልንቅም። ነገር ግን ልጁ ከግዝቱ በፊት ሲበላ ይናገር ነበር፤ ከዚያ በኋላ መደበቅ ጀመረ። ነገሩ ከግዝት አቅም ያለፈ ሊሆን ይችላል፤ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ በ2013 እ.ኤ.አ. የቁማር ሕመምን ከአልኮልና ከአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ጋር በአንድ ምዕራፍ አስገብቶታል። ምልክቶቹን እዚህም ታውቋቸዋላችሁ፦ መጠኑን እየጨመሩ መሄድ፣ ለማቆም ሲሞክሩ መነጫነጭ፣ የተበሉትን ለማስመለስ በማግስቱ መመለስ፣ መዋሸት፣ መበደር። እዚህ ደረጃ የደረሰን ልጅ ስድብ አያቆመውም፤ ባለሙያ ያስፈልገዋል። አዲስ አበባ መሄድ የሚችል አማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልን ይጠይቅ።

«ዕዳውን ልክፈልለት ወይ?» ላላችሁኝ፦ መጀመሪያ ለማን ስንት እንዳለበት በወረቀት ይጻፍ፣ ሁሉንም። የምትከፍሉም ከሆነ ለአበዳሪው በእጃችሁ ስጡ እንጂ በልጁ ቴሌብር አታስገቡ። ደመወዙ ወይም የጤፍ ሽያጩ ለጊዜው ወደ ሌላ ሰው አካውንት ይግባ፤ ይህንንም እሱ ራሱ ይስማማበት። ስልኩን በጉልበት መንጠቅ አልመክርም፤ የጓደኛው ስልክ አለና። ካልተስማማ ዕዳው ለጊዜው ይቆይ፤ ምግቡንና ማደሪያውን ግን አትከልክሉት።