አየር በካሬ አይለካም፣ ግን ይሸጣል

ለመሆኑ «ስፔክትረም» ምንድን ነው? ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን መታየትን፣ ምስልን፣ አንዳንዴም ጣረ ሞትን ያመለክት ነበር። እንግሊዛዊው አይዛክ ኒውተን በ17ኛው ክፍለ ዘመን የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም አሳልፎ ያየውን የቀለማት ሰልፍ በዚሁ ስም ጠራው። ዛሬ ሐኪሙ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ለሚያጠፋ መድኃኒት፣ ፖለቲከኛው ከግራ እስከ ቀኝ ለተሰለፈው አመለካከት ይገለገልበታል። ነጋዴውን የሚመለከተው ግን ስልክ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚተላለፉበት የሬዲዮ ሞገድ ነው።

ነገሩ ከሊዝ መሬት ብዙም አይርቅም። መንግሥት ሞገዱን በሜጋኸርዝ ሸንሽኖ ለተወሰነ ዘመን ይሰጣል። ዋጋውም እንደ ቦታው ነው። ከ1,000 ሜጋኸርዝ በታች ያለው ርቆ ይሄዳል፣ ግድግዳም አልፎ ይገባል፤ ስለዚህ በጥቂት ታወር ሰፊ ገጠር ይሸፍናል። ከፍ ያለው ብዙ ዳታ ቢሸከምም ሩቅ አይደርስም፤ ታወር በታወር ላይ ይፈልጋል። ሁለት ኩባንያዎች እኩል ሜጋኸርዝ ስለያዙ እኩል ሀብት አላቸው የሚል ሰው የአስፋልት ዳር ሱቅንና የጓሮ መጋዘንን በካሬ ብቻ ያወዳደረ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ሽያጭ ካቀረበ ወዲህ ደግሞ ይህ የመሐንዲሶች ወሬ ብቻ አይደለም።

ዋጋው እንዴት ይተመን የሚለው ብዙ አገር አስቸግሯል። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣችው ጨረታ አሸናፊው የሁለተኛውን ተጫራች ዋጋ እንዲከፍል ደነገገች፤ መነሻ ዋጋ ግን አላስቀመጠችም። አንዱ ተጫራች 100,000 የኒውዚላንድ ዶላር አቅርቦ 6 ዶላር ብቻ ከፍሎ ሄደ! (የእኛ ደላሎች ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን?) ጀርመን በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ2000 ለሦስተኛው ትውልድ ሞባይል ከ6 ኩባንያዎች 50 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ሰበሰበች። ካዝናው ሞላ፤ ነገር ግን ከአሸናፊዎቹ አንዱ በ2002 ሥራ አቆመ፣ ሌላው በ2003 ፈቃዱን መለሰ።

በአገራችን በ2013 ዓ.ም. ሁለት የቴሌኮም ፈቃዶች ለጨረታ ወጥተው ሁለት ተጫራቾች ቀረቡ። በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት 850 ሚሊዮን ዶላር አቅርቦ አንዱን ወሰደ። የኤምቲኤን 600 ሚሊዮን ግን አነሰ ተብሎ ሁለተኛው ፈቃድ በዚያ ዙር ሳይሸጥ ቀረ። መንግሥት የሚከራከርበት አያጣም፤ ርካሽ ሽያጭ ምን እንደሚያስከትል ኒውዚላንድ አይታለች። በእኛ ግምት ግን ሒሳቡ ሌላም ወገን አለው። ያልተሸጠ እህል ጎተራ ገብቶ የተሻለ ቀን ይጠብቃል፤ ባዶውን የዋለ ሞገድ ግን የዚያን ቀን ገቢ ማንም አያስቀምጥለትም።