የእህል ማደያ ጥላ ጣሪያና የረጅም አግዳሚ ልክ

በድርቅ ለተጎዱ ወገኖች እህል በሚታደልባቸው ጣቢያዎች ከመጋዘኑ ፊት ለፊት የሚሠራው ጥላ ጣሪያ እንደ ትርፍ ነገር ሊታይ ይችላል። ሆኖም ሚዛኑ የሚቆመው፣ እናቶች ሕፃናት ታቅፈው ተራ የሚጠብቁት፣ ጆንያውም የሚራገፈው ከሥሩ ነው። ይህ ጣሪያ አብዛኛውን ጊዜ በየ3 ሜትሩ በቆሙ ምሰሶዎች ይያዛል። የጭነት መኪና ወደ መጋዘኑ በር መጠጋት ሲኖርበት ግን መካከለኛው ምሰሶ መንገድ ይዘጋል። በዚህን ጊዜ ምሰሶው እንዲነሣና በ6 ሜትር ርቀት ላይ አንድ ረጅም አግዳሚ እንዲጋደም ይታዘዛል። ትእዛዙ ቀላል ይምሰል እንጂ ስሌት ካልቀደመው በሕዝብ ላይ አደጋ ያስከትላል።

ጫፍና ጫፉ በምሰሶ ላይ ያረፈ አግዳሚ ርቀቱ ከ3 ወደ 6 ሜትር ሲያድግ፣ በእያንዳንዱ ሜትር ላይ ያለው ሸክም ባይለወጥም እንኳ፣ እንጨቱን ለመስበር የሚሠራው ኃይል 4 እጥፍ፣ ወደ ታች የሚጎብጥበት መጠን ደግሞ 16 እጥፍ ይሆናል። በ3 ሜትር ላይ 5 ሚሊ ሜትር የጎበጠ እንጨት በ6 ሜትር ላይ 8 ሣንቲ ሜትር ይጎብጣል ማለት ነው። መካከለኛው ምሰሶ ይሸከመው የነበረውም ክብደት ወደ ዳር ምሰሶዎችና ወደ መሠረታቸው ይዛወራል።

ለምሳሌ ያህል፣ ከመጋዘኑ ግድግዳ እስከ ምሰሶዎቹ 4 ሜትር የሆነ፣ ከምሰሶዎቹም ውጭ 50 ሣንቲ ሜትር የሚወጣ ክፈፍ ያለው ጣሪያ ይታሰብ። ሸክሙን ግድግዳውና አግዳሚው ስለሚካፈሉት፣ የአግዳሚው ድርሻ ክፈፉን ጨምሮ 2.5 ሜትር ስፋት ነው። ቆርቆሮው ከነሞራሌው በካሬ ሜትር 25 ኪሎ፣ ለጥገና ለሚወጡ ሰዎችና ለመሣሪያቸው 50 ኪሎ ቢያዝ፣ የአግዳሚው የራሱ ክብደት ተጨምሮ በአንድ ሜትር ርዝመት 200 ኪሎ ገደማ ይደርሳል።

ይህን ሸክም የሚቋቋመው በዋናነት የአግዳሚው ቁመት ነው። ውፍረቱ በእጥፍ ቢጨምር ለጉብጠት ያለው ግትርነት በእጥፍ ብቻ ያድጋል፤ ቁመቱ በእጥፍ ቢጨምር ግን 8 እጥፍ ይሆናል። በኮላ ተጣብቆ የሚሠራ እንጨት የተፈለገውም ለዚሁ ነው። ሁለት ጣውላዎች እንዲሁ ሲደራረቡ፣ ወፍራም መጽሐፍ ሲታጠፍ ገጾቹ እንደሚንሸራተቱ ሁሉ፣ አንዱ በሌላው ላይ ስለሚንሸራተት ግትርነታቸው የአንዱ 2 እጥፍ ብቻ ነው። ኮላው መንሸራተቱን ሲያግድ ግን 8 እጥፍ ይሆናል። ጀርመናዊው አናጺ ኦቶ ሄትዘር እ.ኤ.አ. በ1906 የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት ሥራ በዚሁ ላይ የተመሠረተ ነበር። ጣውላዎችን በምስማር ብቻ አደራርቦ “ያው አንድ ነው” ማለት ግን በየሥራው ቦታ የሚያጋጥም ስሕተት ነው፤ ምስማር እንደ ኮላ አይዝም።

ከላይ ለተጠቀሰው ሸክም 9 ሣንቲ ሜትር ውፍረትና 30 ሣንቲ ሜትር ቁመት ያለው መካከለኛ ጥራት ያለው የተጣበቀ አግዳሚ 15 ሚሊ ሜትር ያህል ይጎብጣል። በተለምዶ የሚፈቀደው የርቀቱ አንድ ሦስት መቶኛ፣ ማለትም 20 ሚሊ ሜትር ነው። ቁመቱ ወደ 20 ሣንቲ ሜትር ቢቀነስ ጉብጠቱ ከ5 ሣንቲ ሜትር ያልፋል። ያው 9 በ30 እንጨት በጎኑ ቢጋደም ደግሞ ወደ 17 ሣንቲ ሜትር ይወርዳል፤ አናጺው አንድም ጣውላ ሳይሰርቅ ሥራውን አበላሸው ማለት ነው። እንጨት በዘወትር ሸክም ሥር በየዓመቱ ቀስ በቀስ ስለሚጎብጥም ከ15 እስከ 20 ያለው ትርፍ እንደ ብክነት አይቆጠርም። የሚቀርበው እንጨት ትክክለኛ ልክ ግን ከአምራቹ ሰነድና ከመሐንዲስ ስሌት ሊወሰን ይገባል።

ከክብደቱ ይልቅ የሚዘነጋው ነፋስ ነው። ጎኑ ክፍት የሆነ ጣሪያ ከሥሩም ከላዩም ነፋስ ስለሚያገኘው ወደ ላይ ይነሣል። በሰዓት 108 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነፋስ በካሬ ሜትር 50 ኪሎ ያህል ቢያነሣ፣ ቆርቆሮውና ሞራሌው የሚመልሱት 25ቱን ብቻ ነው። የአግዳሚው የራሱ ክብደት ከታሰበ በኋላም ወደ 300 ኪሎ የሚጠጋ ኃይል አግዳሚውን ከምሰሶዎቹ ሊነቅል ይታገላል። ስለዚህ አግዳሚው ከምሰሶው ጋር በብረት ማሰሪያና በብሎን፣ ምሰሶውም ከመሠረቱ ጋር እንዲሁ መታሰር አለበት።

ለውጭ ሥራ ባልተዘጋጀ ኮላ የተጣበቀ እንጨት በዝናብና በፀሐይ ይላቀቃል። በመሆኑም የአግዳሚው ጫፎች በክፈፍ መሸፈን ይኖርባቸዋል። ምሰሶዎቹም ከምስጥና ከውሃ ፍንጣቂ እንዲርቁ ከመሬት ከፍ ባለ ሲሚንቶ ላይ በብረት እግር ይቆማሉ።

የተጣበቀ እንጨት በማይገኝበት ጣቢያ ምሰሶውን ከማንሣት ማዛወሩ ይመረጣል። የጭነት መኪና ስፋት 2.5 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ 6 ሜትሩ በ4ና በ2 ቢከፈል መኪናው በ4 ሜትሩ ይገባል፤ ሚዛኑና ተራ ጠባቂዎቹ ግን በሌላው በኩል ይሆናሉ። የ4 ሜትር አግዳሚ በተመሳሳይ ሸክም የሚጎብጠው ከ6 ሜትሩ አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። የተዛወረውን ምሰሶ መኪና እንዳይገጨው በፊቱ ድንጋይ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።