ብሎን ሲጠብቅ ምን ይሆናል?

ሞተር ብስክሌት ያለው ሰው አንድ ቀን መፍቻ መያዙ አይቀርም። በተለይም ጋራዥ በማይገኝበት ወረዳ የተመደበ የግብርና ወይም የጤና ሠራተኛ ቢሆን ከመፍቻ ጋር መወዳጀቱ ግድ ነው። ታዲያ ይህ ሰው ዘይት ቀይሮ ወይም ካንዴላ አጽድቶ ሥራውን ሲጨርስ፣ ብሎኑን እስከ ምን ድረስ ማጥበቅ እንዳለበት የሚነግረው የለም። ስለዚህም «እንዳይላላ» እያለ የክንዱ ሥር እስኪገተር ድረስ ይስባል። እኔ ግን በሰው እጅ ከሚበላሹት ሞተሮች መካከል ብሎን ላልቶባቸው ከተጎዱት ይልቅ ከልክ በላይ ጠብቆባቸው የተጎዱት የሚበዙ ይመስለኛል።

ብሎን ሁለት ዕቃዎችን አጣብቆ የሚይዘው ስለሚለጠጥ ነው። ለዓይን አይታይ እንጂ ስናጠብቀው ብረቱ እንደ ስፕሪንግ ይሳባል፤ ወደ ቀድሞ ቁመቱ ለመመለስ ሲታገልም ዕቃዎቹን ያጣብቃል። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1678 ያሳተመውን ሕግ ተማሪዎች ታስታውሱታላችሁ፤ ልጥጠቱ በሳበው ኀይል መጠን ያድጋል። ዳሩ ግን ልክ አለው። ከልኩ ያለፈ ብረት ተስቦ ይቀራል እንጂ አይመለስም፤ ጥቂት ሲጨመርበትም ይቆረጣል። በብዙ ብሎኖች ራስ ላይ የተጻፈው 8.8 የሚለው ቁጥር የሚናገረው ይህንኑ ነው። የፊተኛው 8 ብረቱ በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር እስከ 800 ኒውተን ሳይበጠስ እንደሚችል፣ የኋለኛው 8 ደግሞ ከዚህ 80 በመቶ፣ ማለትም 640 ኒውተን እስኪደርስ ድረስ ሳይበላሽ ወደ ቁመቱ እንደሚመለስ ያመለክታል።

ከዚህም የባሰው ችግር ይህ ብርቱ ብሎን ብዙውን ጊዜ የሚገባው በአሉሚኒየም ውስጥ መሆኑ ነው። ትግሉ ሲበረታ የሚሸነፈው አሉሚኒየሙ ነው። ብሎንማ ከሱቅ ይገዛል፤ የተላጠው ጥርስ ግን የሞተሩ አካል ስለሆነ ቀዳዳውን አስፍቶ አዲስ ጥርስ የሚያወጣለት ባለሙያ ይፈልጋል። እስከዚያው ዘይቱ ይንጠባጠባል፤ ዘይት ያለቀበት ሞተር ደግሞ በመንገድ ላይ ይነክሳል።

የማጥበቂያው ልክ የሚሰጠው በኒውተን ሜትር ነው፤ ይኸውም ኀይል በመፍቻው ርዝመት ሲባዛ ነው። የሞተሩ መጽሐፍ ለዘይት ማፍሰሻው 24 ኒውተን ሜትር ቢል፣ ርዝመቱ 20 ሳንቲ ሜትር በሆነ መፍቻ ጫፍ 12 ኪሎ ያህል መሳብ ማለት ነው። ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ለሆነው ትንሽ ብሎን ግን 10 ኒውተን ሜትር ያህል ይበቃዋል። ይህም በዚያው መፍቻ 5 ኪሎ ብቻ ነውና በሁለት ጣት የሚሳብ ነው! የትንሽ ብሎን መፍቻ አጭር ሆኖ የሚሠራው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቱቦ ሰክቶ የሚያስረዝመው ሰው የሠሪውን ጥንቃቄ ያፈርሳል። ልክ የሚያሳይ መፍቻ የሌለው ሰው በፊዚክስ ክፍል የሚያውቀውን ባለ መንጠቆ የስፕሪንግ ሚዛን በመፍቻው ጫፍ አስሮ፣ ከመፍቻው ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ይዞ ቢስብ ኪሎውን ማንበብ ይችላል።

ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አለ። ከምናወጣው ጉልበት ግማሹ ያህል በብሎኑ ራስ ሥር በሚፈጠረው ሰበቃ ያልቃል፤ 40 በመቶ ያህሉን የጥርሱ ሰበቃ ይወስደዋል። ብሎኑን የሚለጥጠው የቀረው 10 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ጥርሱ አቧራና ዝገት ከያዘ፣ መፍቻው ጠበቀ ቢልም ብሎኑ ገና አልተሳበም። በአንጻሩ ለደረቅ ጥርስ የተሰጠውን ልክ ዘይት በተቀባ ጥርስ ላይ ብንጠቀምበት፣ ብሎኑ ከታሰበው በላይ ይለጠጣል።

ካንዴላ የሚፈታው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው። ሲመለስም በእጅ ብቻ ይገባል። መጀመሪያ ወደ ግራ ቀስ ብሎ ማዞርና ጥርሱ ከጥርሱ ሲገጥም ከተሰማ በኋላ ወደ ቀኝ መመለስ መልካም ዘዴ ነው። ጥርሱ 14 ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ ቀለበት አዲስ ካንዴላ በእጅ መቀመጫው ከደረሰ በኋላ በመፍቻ ግማሽ ዙር ያህል ይበቃዋል፤ በቁጥር ከ25 እስከ 30 ኒውተን ሜትር ነው። ቀለበቱ ቀድሞ የተጨፈለቀው አሮጌ ካንዴላ ግን የሰዓት ቆጣሪ ከ12 ወደ 1 የምትሄደውን ያህል ብቻ ይዞራል። እዚህ ላይ መላላትም ጉዳት አለው። ካንዴላ ሙቀቱን የሚያስወግደው በመቀመጫው በኩል ነውና ላላ ሲሆን ይግላል፤ ፒስተኑንም ሊጎዳ ይችላል።

እንግዲህ ማንም ሰው ይህን አንብቦ ብሎኖቹን ሁሉ በለሆሳስ እንዳይተዋቸው አደራ እላለሁ። ጀርመናዊው መሐንዲስ ጌርሃርድ ዩንከር በአውሮጳ አቆጣጠር በ1969፣ ወደ ጎን የሚያንሸራትት መንቀጥቀጥ የብሎኑን መያዣ ኀይል ካሸነፈ ብሎኑ ራሱ በራሱ እየዞረ እንደሚፈታ አሳይቷል። በኮረኮንች መንገድ የሚሄድ ሞተር ብስክሌትም ብርቱ መንቀጥቀጥ ያገኘዋል። የጎማ መያዣው ዳዶና የፍሬን ብሎኖች የሰው ሕይወት የተንጠለጠለባቸው ስለሆኑ በግምት አይጠብቁም። መጽሐፉ ያዘዘው ልክ ካልተገኘ፣ ሩቅም ቢሆን ልክ የሚያሳይ መፍቻ ወዳለው መካኒክ መውሰድ ይሻላል።

የዘይት ማፍሰሻው ብሎን ሲመለስ ሥሩ ያለችውን የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ቀለበት በአዲስ መተካት ይገባል። ከዚያ ዘይቱን ሞልቶ፣ ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ አስነሥቶ፣ ካጠፉ በኋላ ከሥር ማየት ነው። ጠብታ ከታየ መፍቻውን አታንሡ፤ ዘይቱን አፍስሳችሁ ቀለበቷንና መቀመጫዋን ተመልከቱ።